የዋባድ ደሴት ስምንተኛ እንግዳ

ሚልካ ጊባዳ ሰው ስትመዘግብ ራስ አትቆጥርም። ራስ መቁጠር ለኤሊ ነው ትላለች። ከማዶው የፓፑዋ ጠረፍ ጀልባ በመጣ ቁጥር ውሃው ቁርጭምጭሚቷን እስኪነካት ወርዳ ትቆማለች፤ የሚወርደውን ሰው ሁሉ ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ መንደሩንና የሚያርፍበትን ቤት ጠይቃ በደብተሯ ታሰፍራለች። ከሰርጡ ወዲህና ወዲያ ባሉት ሁለት መንግሥታት ስምምነት መሠረት የቶረስ ሰርጥ ሕዝብ ያለ ፓስፖርት ዘመዱን ይጠይቃል፤ የሚጠይቀውንና የሚጠየቀውን ማወቅ ደግሞ የሚልካ ሥራ ነው። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ስም አልጎደለባትም፤ አንድ ስም አልተረፈባትም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ከመቃብር ቦታው በላይ የብረት ማማ ቆሟል። ራዳር አለው፤ የገላን ሙቀት ከሩቅ የሚለይ ካሜራም አለው። ካሜራው ስም አይጠይቅም። ትኩስ ሆኖ ያገኘውን ቆጥሮ ቁጥሩን ወደ ደቡብ፣ ሚልካ ረግጣው ወደማታውቀው ከተማ ይልካል።

ያ ሳምንት የወንድሟ የኤኖሳ ሐውልት የሚገለጥበት ነበር። ኤኖሳ ከሞተ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ሚስቱ የማዶዋ የቡዲ መንደር ልጅ ስለሆነች መቃብሩን የቆፈሩት፣ አፈሩንም የመለሱት የእሷ ወንድሞች ናቸው። ደሴቱ እነዚህን አማቾች ማሪጌት ይላቸዋል። በሐውልቱ ላይ የተጋረደውን ጨርቅ የማንሳት መብት ያላቸው እነሱ ብቻ ናቸው፤ እነሱ ካልመጡ ጨርቁ እንደተጋረደ ይቀራል፤ ቤተሰቡም ከሐዘን አይወጣም።

ሰኞ ዕለት ሰባት ማሪጌቶች በታላቁ ወንድም በዱጊ መሪነት መጡ። ምንጣፍና ለበዓሉ የተሠራ ትልቅ ከበሮ አስረክበው አደሩና ማክሰኞ ተመለሱ። ቅዳሜ ከነቤተሰባቸው ሊመጡ ተቀጣጥረዋል። ሚልካ ሰባት መግቢያ፣ ሰባት መውጫ ጻፈች።

ረቡዕ ጠዋት ሄሊኮፕተር አረፈ። ሌይተን የሚባለው የጠረፍ ጥበቃ መኮንን ከአንድ ባልደረባው ጋር ወረደ።

«ሚልካ፣ ሰኞ ስምንት ሰው ገብቷል። ማክሰኞ የወጣው ሰባት ነው» አላት።

«ሰባት ገባ፤ ሰባት ወጣ።»

«ካሜራው ስምንት ነው የሚለው። ስምንተኛው እስኪገኝ ከቡዲ ማንም እንዳይገባ ታግዷል።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪገኝ።»

«ያልመጣ ሰው መቼ ነው የሚገኘው?» አለችው።

ሁለቱ ሰዎች ቤት ለቤት ዞሩ። አልጋ ሥር አዩ፤ የውሃ ታንከር ከፈቱ፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጓዳ ፈተሹ። ሚልካ ከኋላ ከኋላቸው ትሄዳለች። አንዲት ሽማግሌ ከበረንዳዋ ሆና «ቆይ ልጄ፣ ማሰሮውንም ክፈተው፤ ሩዝ ውስጥ ተደብቆ ይሆናል!» እያለች ታላግጥባቸዋለች። ሰዉ ይስቃል። ሚልካ አልሳቀችም። ሃያ ሁለት ዓመት ጎረቤቶቿ የእንግዶቻቸውን ስም ሳይደብቁ የሰጧት በእሷ ላይ እምነት ጥለው ነበር፤ ዛሬ በእሷ ደብተር ምክንያት አልጋቸው ይገለበጣል።

መቃብር ቦታው ሲደርሱ የሌይተን ባልደረባ ወደ ኤኖሳ ሐውልት ሄደ። ጨርቁ እስከ መሬት ይወርዳል፤ ሥሩ ሰው ሊያስጠልል ይችላል። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ጠርዙን ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። ሚልካ እንዴት እንደደረሰች ራሷም አታውቅም፤ የእጁን አንጓ ጨብጣ ይዛዋለች።

«ይህን ጨርቅ እኔ እንኳ፣ እኅቱ፣ አልነካውም» አለች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ ያም ነው ሰውየውን ያስደነገጠው። «አንተ ከሰማይ ወርደህ ልታነሳው ነው?»

ሌይተን ባልደረባውን ጎተተው። ጥፋት እንደተሠራ ገብቶታል፤ የትኛው ጥፋት እንደሆነ ግን አልገባውም። ይቅርታ ጠየቀ።

«ይቅርታህን ያዘውና ምስሉን አሳየኝ» አለችው።

ሌይተን በከፈተው ታብሌት ላይ ጥቁር ባሕር፣ በባሕሩ ላይ ጀልባ፣ በጀልባው ላይ ነጫጭ ቅርጾች ታዩ። ሚልካ በጣቷ አንድ በአንድ ሄደችባቸው። «ሞተሩ ላይ ያለው ጋይሞ ነው፤ ግራ ትከሻው ዝቅ ይላል። ይኼ ሰኒ ነው። እነዚህ ሁለቱ መንታዎቹ ናቸው፤ ተለያይተው ተቀምጠው አያውቁም። ይኼ አባ ሙራ፣ ይኼ የመጨረሻ ልጁ። ይኼ ዱጊ።» ከዱጊ ጉልበቶች መካከል የተጋደመ ስምንተኛ ነጭ ቅርጽ አለ፤ እጅ የለውም። ሚልካ ጣቷን እሱ ላይ አቆመች።

«ና» አለች።

ከበሮው በቤቷ ጥግ እንደቆመ ነበር። የሰው ደረት የሚደርስ፣ ወገቡ የቀጠነ፣ በአንድ ጫፉ አፉን እንደ ዓሣ የከፈተ፣ በሌላው የአርጃኖ ቆዳ የተወጠረበት። በጥቁር ሸራ ተጠቅልሎ ሦስት ሰዓት ሙሉ በፀሐይ ተጉዟል።

«ስምንተኛህ ይኸውልህ። እሰረው።»

ሌይተን ከበሮውን አየ፤ ምስሉን አየ፤ ፊቱ ቀላ። «አምንሻለሁ፣ ሚልካ። እውነቴን ነው።»

«እንግዲያው አስተካክለው።»

«እኔ ከዚህ ማስተካከል አልችልም። ካሜራው አንዴ ሰው ብሎ የመዘገበውን ሰው አይደለም ለማለት ሲስተሙ አይቀበልም። ለማመልከት ቅጽ አለ፤ ግን ውሳኔው ሦስት ወር ይፈጃል። መዝገቡ ቶሎ የሚዘጋው በሁለት መንገድ ብቻ ነው። ወይ ስምንተኛው ሲወጣ ካሜራው ያየዋል፤ ወይ አንቺ ስምንተኛው ሳላየው ወጥቷል ብለሽ ትፈርሚያለሽ።»

«ስሙን ማን ብዬ?»

«ስም አያስፈልግም። ቁጥር ይበቃል።»

«ለእኔ አይበቃም» አለች። «ያልነበረ ሰው አልጽፍም። ሰው አይደለም ከበሮ ነው ብሎ ለመጻፍ ቦታ የሌለው መዝገብ ከሆነ ጉድለቱ የመዝገቡ ነው፤ የእኔ አይደለም።»

ለቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቷል። የድግሱ ሥጋ ተዘጋጅቷል፤ የሚበስልበት ጉድጓድ ተቆፍሯል፤ ዘመድ ከሌሎቹ ደሴቶች መንገድ ጀምሯል። ሚልካ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ረጅም ጊዜ አሰበች። ከዚያ ተነሥታ ከበሮውን በሸራው ጠቀለለችና የሰው ገላ ያህል እስኪሞቅ ፀሐይ ላይ አጋደመችው።

ሌይተን ምን ልታደርግ እንደሆነ ሲገባው ተከትሏት ወደ ውሃው ወረደ። «አንድ ነገር ልንገርሽ። ካወጣሽው ቁጥሩ ይገጥማል። ቁጥሩ ከገጠመ ደግሞ ማሽኑ ልክ ነበር፣ የተሳሳትሽው አንቺ ነሽ ማለት ነው። የዚህን ማማ ሥራ ሊገመግሙ ነው፤ ሪፖርቱ ላይ የሚገባው ይኼ ነው።»

«ደብተሬን ሊዘጉበት ነዋ።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«አንተ ምንም አትልም፤ ሥራህ እሱ ነው። ዞር በልልኝ፣ ጀልባውን ልግፋ።»

ስጦታ መመለስ በሰርጡ ሕዝብ ዘንድ ፊት ላይ እንደመትፋት ነው። ሚልካ ይህን ታውቃለች። በሬዲዮ አስቀድማ ስለነገረችው ዱጊ በሰርጡ መካከል ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃት ነበር። ከበሮውን ከጀልባዋ ወደ ጀልባው ስታሻግር ቀና ብላ አላየችውም።

«አማቼ» አላት፣ «ከበሮዬ ምን አጠፋ? ሰክሮ ሰው ሰደበ?»

«ያለ ፈቃድ ገብቷል ተብሎ ተባረረ።»

«እኔስ ሰባት ጊዜ ስገባ ምንም አላሉኝም!» ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ለኤኖሳ ብዬ ስምንት ወር ነው የጠረብኩት።»

«አውቃለሁ።»

«ቅዳሜ ይዤው ብመጣስ?»

«እንደገና ይቆጥረዋል።»

ዱጊ እጁን በከበሮው ቆዳ ላይ አሳርፎ ቆየ። ሊሰድባት ይችል ነበር፤ መብቱም ነው። «በይ ሂጂ» አለ በመጨረሻ። «እኛ እንመጣለን። በባዶ እጃችን መምጣታችንን ግን ሰው ሲጠይቅ አንቺ ነሽ የምትመልሺው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ካሜራው ሁለት ወጥተው አንድ ተመለሰ አለ። ሐሙስ እገዳው በደብዳቤ ተነሣ። ከደብዳቤው ጋርም ወረቀት መጣ፦ ስምንተኛው ግለሰብ መውጣቱ ተረጋግጧል፤ የመሣሪያው ቆጠራ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል፤ የዳርቻ መዝጋቢዋ ስሕተቷን አምና ትፈርም። ሚልካ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ፊርማዋን አላኖረችም።

ቅዳሜ ሦስት ጀልባ መጣ። ሌይተን ታብሌቱን ይዞ በዳርቻው ቆሟል፤ ወረቀቱም በክንዱ ሥር ነው። ሚልካ ውሃው ውስጥ ወርዳ እንደ ወትሮዋ ስም ጠየቀች፤ በዚህ ቀን ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እያንዳንዱን ስም ወደ ሌይተን እየጮኸች ደገመችው። ዱጊ የአባ ሙራ ልጅ፣ ከቡዲ፣ ለኤኖሳ ቤት። ጋይሞ የአባ ሙራ ልጅ፣ ከቡዲ፣ ለኤኖሳ ቤት። ሰዉ ነገሩ ገባው። ሃያ አራት ስም ጠራች። ሕፃናቱን እንኳ አልዘለለችም።

«ጻፍ» አለችው።

«ሚልካ፣ እዚህ ላይ ስም የሚጻፍበት ቦታ የለም።»

«አውቃለሁ። ሃያ አራት ጊዜ እንድትሰማው ነው።»

«ካልፈረምሽ ከሥራሽ ያነሱሻል።»

«ያንሱኝ። ውሸታም ብዬ ራሴን ግን በእጄ አልጽፍም።»

ወደ መቃብሩ ወጡ። ዱጊና ወንድሞቹ ጨርቁን በአራት ማዕዘን ይዘው አነሱት፤ የኤኖሳ ስም በድንጋዩ ላይ ታየ፤ ሴቶቹ እልል አሉ። ጭፈራው ሲጀመር ከበሮ አልነበረም። ጋይሞ ባዶ የነዳጅ ቆርቆሮ በጉልበቱ መካከል አድርጎ መታ፤ ድምፁ ሻካራ፣ ለሙት የማይመጥን ነበር። ከሌላ ደሴት የመጣ አንድ ሽማግሌ ፊቱን አኮሳትሮ «የቡዲ ሰዎች ከበሮ መሥራት ተዉ እንዴ?» ብሎ ጠየቀ።

ዱጊ ወደ ሚልካ ተመለከተ። ሚልካ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች፤ የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ነበር። የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው አንሥታ፣ አንድ ቃል ሳትዘል፣ ማማውን በእጇ እያሳየች መናገር ጀመረች።