የአባ ቆብ

ትናንት ባሕር ዳር አንድ ጋራዥ በር ላይ አዲስ መኪና ቆማ አየሁ። አየር የምትስብበት ቱቦ ከጣራዋ በላይ ወጥቶ ጫፉ ላይ ቆብ ደፍቷል። ሳቄ አመለጠኝ።

ልጅ ሳለሁ ወረታ ላይ አባቴ አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው። ክረምት ፎገራ ሜዳ ላይ ውኃ ሲተኛ፣ ሞተሯ ውኃ እየሳበች መንገድ ላይ ትቀር ነበር። አባቴ ቧንቧ ቀጥሎ የአየር መሳቢያዋን እስከ ጣራዋ አወጣው። «አፍንጫዋ ከላይ ከሆነ ደረቷ ቢጠልቅ ምን ቸገራት?» ይል ነበር።

በፍልሰታ አባ ተክሌን ለቅዳሴ ይዘናቸው ሄድን። ጋቢና ይግቡ ቢባሉ «ልጅቱ ትቀመጥ» ብለው ቦታውን ለእኔ ትተው ከኋላ ቆሙ። ውኃው መሃል ስንደርስ ዝናብ ጣለ፤ ሞተሯም ቀጥ አለች። አባቴ ወጥቶ ቢያይ የቧንቧው አፍ በላስቲክ ታስሯል።

«አባ፣ ምን አደረጉ?»

«ዝናብ እንዳይገባባት ብየ ነው።»

«አፍንጫዋን እኮ ነው ያፈኗት።»

አባ ደንግጠው ላስቲኩን ፈቱና የመኪናዋን ጣራ ዳበሱ። «አላወቅሁም፣ ልጄ፤ ይቅር በይኝ» አሏት። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሞተሯ ስትነሣ አባ ጃንጥላቸውን ለቧንቧው ዘረጉለት፤ እሳቸው እየራሱ ቤተ ክርስቲያን ደረስን።

በማግስቱ አባቴ ከዘይት ቆርቆሮ ክዳን ቆርጦ፣ አየር ማለፊያ ትቶ፣ ቧንቧው ላይ ደፋው። «የአባ ቆብ» አለው።

የጋራዡ መካኒክ ሳቄን አይቶ ወደ ቱቦው ጠቆመኝ።

«ዝናብ እንዳይገባባት ነው» አለኝ።

«አውቃለሁ» አልሁት፤ «አባም እንዲሁ ነው ያሉት።»