ባለቤቱ ደህና ናቸው

እናቴ ካረፈች ስምንት ወር አልፎ ነበር። በነዚያ ወራት አባቴን አንድ ጊዜ እንኳ ሲስቅ አልሰማሁትም። ኦክላንድ ያለ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት የቼክ ኮሜዲ እንደሚያሳይ ሳነብ ቲኬት የቆረጥኩት ለዚያ ነው።

«ቼክ ስትይ የባንኩን ነው?» አለኝ ከሳን ሆዜ ስንነሳ።

«አገር ነው፣ አባዬ።»

«የሀብታም ፊልም ነው ስላልሽኝ እኮ ነው።»

ፊልሙ ጋዜጣና የቴሌቪዥን ጣቢያ ስለገዛ አንድ ቱጃር ነው። ከታች የሚጻፈው እንግሊዝኛ ለአባቴ ዓይን ስለሚፈጥን፣ ጆሮው ሥር ሆኜ በሹክሹክታ እተረጉምለት ነበር። ሰው ይሰማኛል ብዬ ስለማፍር ግማሹ ድምፄ ይጠፋል።

«የደወሉት ባለቤቱ ናቸው» አልኩት።

«የማን ሚስት?»

«የጋዜጣው ባለቤት።»

«ለካ ጋዜጣም ያገባል» አለ።

ፊልሙ እኩሌታ ላይ ሲደርስ ቱጃሩ መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንደተጋደመ ሞተ። የአክሲዮኑ ዋጋ እንዳይወድቅ ሠራተኞቹ ሞቱን ደብቀው በየቀኑ «ባለቤቱ ደህና ናቸው» እያሉ መጻፍ ጀመሩ። ሰውየው በጋዜጣው ላይ ድልድይ መረቁ፣ ሠርግ ታደሙ፣ ጉንፋን ይዟቸው ተሻላቸው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አባቴም ሳቀ፤ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። ደስ ብሎኝ የጉንፋኑን ወሬ ደግሜ ተረጎምኩለት። ቀና ብዬ ሳየው ግን ሳቁ ቆሟል።

«እኛም ጉንፋን ይዟታል ብለናል» አለኝ ቀስ ብሎ።

የእናቴ ታላቅ እህት አዲስ አበባ ናቸው። ልባቸው ደካማ ስለሆነ መርዶው በስልክ አይነገራቸውም፣ ሰው ሄዶ እስኪያረዳቸው ይቆይ ተብሎ ነበር። ማን እንደሚሄድ ግን እስካሁን አልተወሰነም። በየእሁዱ ሲደውሉ አባቴ ነው የሚያነሳው። ባለቤቴ ሥራ ገብታለች ይላቸዋል፣ ተኝታለች ይላቸዋል። ባለፈው ደግሞ ጉንፋን ድምጿን ዘግቶታል አላቸው።

ፊልሙ ሲያልቅ ወደ ሳን ሆዜ ተመለስን።

በማግስቱ እሁድ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። አባቴ አየውና በጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋው። «ዛሬስ አልችልም። አንቺ አንሺው።»

እትዬ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የአባቴን ጤና ጠየቁኝ። ከዚያ «እናትሽስ?» አሉ።

መዋሸት አልፈለግኩም፤ እውነቱን ለማውጣትም ድፍረት አልነበረኝም። «የለችም» አልኳቸው። ቃሉ ለሄደም ለሞተም ስለሚሆን፣ ምናልባት ይገባቸው ይሆን ብዬ ጠበቅኩ።

«ዛሬም? እናንተ አገር ደግሞ እሁድ የለም መቼም» አሉ። «ስትመጣ ድምጿን ልስማ በያት። ጉንፋኗስ ተሻላት?»

አባቴ ጀርባውን ሰጥቶኝ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል።

«ተሽሏታል፣ እትዬ» አልኳቸው።