በጆንያዬ ውስጥ የነበረው ድንጋይ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለንስሐ አባቴ እንኳ ጾም መሻሬን፣ ጎረቤት ማማቴን እየተናዘዝሁ ይህችን እየዘለልሁ ነው የኖርሁት። አንተ የምታነበው ግን አታውቀኝምና ስማኝ።

ባለፈው ሳምንት የአልጣሂር ልጅ ሐዋ ከአሶሳ መጣች። አባቷ ይሠራበት የነበረውን፣ ከባምባሲ ወጣ ብሎ ያለውን የተዘጋ የጥጥ ፋብሪካ ያሳዩኝ አለችኝ። ሣሩን እየገፋን ገባን። የጣሪያውን ቆርቆሮ ሰው ወስዶታል። ፍሬውን ከጥጡ የሚለየው የጠቆረው መዳመጫ ማሽን ዘንድ ስንደርስ ቆመች።

“እማማ በላይነሽ፣ አባቴ በሲጃራው ያቃጠለው ይህንን ነው?”

ያቃጠልሁት እኔ ነኝ።

ከወሎ መጥተን የሰፈርን ገበሬዎች ለፋብሪካው ጥጥ የምንሸጠው በሚዛን ነበር። ክብደት እንዲጨምርልኝ ከጆንያዬ መሐል ድንጋይ ቀበርሁ። ቸግሮኝ ነው ልበል? ማን ያልቸገረው ነበር? አልጣሂር ጥጡን በእጁ እየበተነ መዳመጫውን የሚያጎርስ ሠራተኛ ነበር፤ እሱ አይቶ ይጥለዋል ብዬ ተማመንሁ። በሰው ዓይን ተማምኜ ሰረቅሁ! ባዶ ጆንያዬን ልቀበል አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ ድንጋዩ ከማሽኑ ጥርስ ጋር ተላተመ። ብልጭ አለ፤ ጥጡ ተያያዘ። ሰው ተረፈ፤ ፋብሪካው ግን ከዚያ ወዲያ ሥራ አልጀመረም።

ከአልጣሂር ኪስ የሲጃራ ፓኮ ተገኘ። አጠገቡ የነበርሁት እኔ ነኝና እሳቱ ከምን እንደተነሣ እኔን ጠየቁኝ። “አላየሁም” አልሁ። በዓይኔ በብረቱ ያየሁት እኔ፣ አላየሁም አልሁ። እንጀራው የተዘጋበት ሁሉ ገበያ ላይ በጣቱ እየጠቆመ ሲሰድበው ኖረ። “በሲጃራህ አቃጠልኸው” ሲባል ሲባል ራሱም አመነ።

አምና ታሞ አስጠራኝ።

“በላይነሽ፣ አፉ በለኝ” አለ፣ ሴቱንም ወንዱንም “አንተ” በሚልበት በዚያ በበርታ አማርኛው። “እኔ ሲጃራ ጣልኩ። ሰው ሁሉ ሥራ ጠፋ። አንተም ጥጥ የሚገዛ አጣህ። ይቅር በለኝ።”

ልጆቹ አልጋውን ከበው ያዩኛል። ያን ጊዜ እንኳ መናገር ያቅታል? አቃተኝ። ምን አልሁ መሰለህ? “ይቅር ብዬሃለሁ” አልሁት። እጄን ይዞ ሳመኝ። በዚያው ሳምንት ቀበርነው።

አሁን ከማን ይቅርታ ልለምን? ይቅር የሚለኝ ሰው ለኔ ጥፋት ከኔው ይቅርታ ለምኖ ሞቷል።

ከፋብሪካው ስንወጣ ሐዋ እንዳልወድቅ ክንዴን ደግፋ ያዘችኝ።

“አባቴን ይቅር ስላሉት አላህ ይስጥዎ” አለችኝ።

“አሜን” አልሁ።