በሁዳዴ የተገኘው ስብ

ራስ ምታቴ ሲበረታብኝ ሞጣ ያለ ክሊኒክ ያደረሰችኝ የወንድሜ ሚስት ናት። ይህን አልክድም። ስሟን አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል።

ሁዳዴ ከገባ አራተኛው ሳምንት ነበር። ደሜን መረመሩና ኮሌስትሮል የሚሉት ስብ ከልክ አልፏል ብለው ኪኒን ጻፉልኝ። እሷ የውጤቱን ወረቀት ከእጄ ወስዳ አነበበችው።

«እትዬ፣ በሽሮና በጎመን ይህን ያህል?» አለችና ሳቀች።

ወደ ከተማችን ቢቸና እስክንመለስ ሌላ ቃል አልተናገረችም። እኔም የምፈራት ዝም ስትል ነው። በሳምንቱ የማርያም ማኅበራችን ሴቶች በሙሉ በጾም ቅቤ እንደምበላ «ያውቁ» ነበር። የነፍስ አባቴ አስጠሩኝ።

«አልበላሁም አባ።»

«ወረቀቱሳ?»

ሁለት መቶ ስግደት ሰጡኝ፤ እስኪፈቅዱልኝም ከማኅበሩ እንድቀር አዘዙ። ሰገድኩ። ስሰግድ ግን የማስበው ስለ ስቡ ነበር። ካልበላሁት ከየት መጣ?

ግቢዬ ውስጥ ቤት የተከራየ፣ ከወሎ የተመደበ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ጠየቅኩት።

«እማማ፣ ጉበትዎ ራሱ ይሠራዋል» አለኝ። ላፕቶፑን ከፍቶ የሠሪውን ሥዕል አሳየኝ። ኢንዛይም ይባላል። ስቡ ተሠርቶ እስኪያልቅ ብዙ ዓይነት ኢንዛይም ይቀባበለዋል፤ የሥራውን ፍጥነት የሚወስነው ግን ይህ ነው አለ።

ዕድሜዬን ሙሉ ሙዳይ ስሰፋ ኖሬአለሁና ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው አጠማዘዙ ላይ ነው። አራት ተመሳሳይ ጥምጥሞች ተቃቅፈዋል። ሥራው የሚሠራው አንዱ ከሌላው በሚገጥምበት ስንጥቅ ነው። ኪኒኔ እዚያ ስንጥቅ ውስጥ ገብታ ትቀመጣለች፤ ጥሬ ዕቃው ሲመጣ መግቢያ ያጣል። ይህን ማን አስቦ ሰፋው እያልኩ ብዙ አየሁት።

«ይህ ጫፉስ ለምን ተቆረጠ?»

«ቀሪው የሴሉ ሽፋን ውስጥ የተቀበረ ነው። ሥዕሉን የሠሩት ሰዎች እሱን ስላላዩት አልሳሉትም።»

ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ያላዩትን አልሳሉም። ማኅበራችን ውስጥ እንዲህ ዓይነት ሰው አንድም አልነበረም።

ሥዕሉን አሳትሜ ለነፍስ አባቴ ወሰድኩላቸው። ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ቆዩ።

«ይህ በጾምም ይሠራል?»

«ይሠራል አባ። እንዲያውም ቅቤና ሥጋ ሲቀርበት ይበረታል አሉ።»

«እንግዲያ ስግደቱ ለሌላ ኃጢአትሽ ይቆጠርልሽ።»

«ለሌላው ሌላ እሰግዳለሁ። ይህን ግን እንዳልሠራሁ ለሴቶቹ ይንገሩልኝ።»

ወደ ማኅበሩ እንድመለስ ብቻ ፈቀዱልኝ። በሚቀጥለው ማኅበር ግን ጸበል ጻዲቁን ከባረኩ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጉበት አይጾምም፤ እሷ ግን ጾማለች» አሉ። ሴቶቹ «እልፍ በይ፣ እልፍ በይ» አሉኝ። ከወንድሜ ሚስት አጠገብ ክፍት ቦታ ነበር። ትቼው እዚያው በር አጠገብ ተቀመጥኩ።