ምንም ሥራ አልሠሩም

ከቢቸና የተነሣሁት ቅዳሜ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነው። ሞጣ ላይ ለቢሮ ሠራተኞች፣ ለነጋዴዎችና ለካህናት ፊዚክስን ያለ ቀመር እንዳስተምር ተጋብዤ፣ ሚዛንና ድንጋይ የሞላሁበትን የእንጨት ሳጥን ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ አስጫንኩ። ሳይንስን ለሕዝብ የማደርስ እኔ ብቻ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ ነበር።

ደብረ ወርቅ ላይ ሻይ በዳቦ ቀማመስን። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኙ ቢጫ የለበሰ ጤፍ ነው።

ሞጣ፣ አራት ሰዓት

ከመናኸሪያ ሳጥኑን የተሸከሙልኝ ጋሼ ቢተው የሚባሉ ጠና ያሉ ሰው ናቸው። በሜዳው መንገድ አንዴም ሳያወርዱ አዳራሹ ድረስ አመጡት። ስለ ትምህርቱ ስነግራቸው፣

"ፊደል አልቆጠርኩም፤ ይፈቀድልኛል?" አሉኝ።

"ለእርስዎ ብዬ አይደል የመጣሁት!" ብዬ ከፊት አስቀመጥኳቸው።

ስለ ሥራ ማስተማር ስጀምር ጣቴን ወደ እሳቸው ቀሰርኩ። "ጋሼ ቢተው ሳጥኔን ተሸክመው በሜዳ መጡ። በፊዚክስ ግን ሥራ የሚባለው ሸክሙን ወደ ላይ ሲያነሡት ነው። በሜዳው ምንም ሥራ አልሠሩም!"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው አልሳቁም።

"ታዲያ የደከመኝ ምን ሆኜ ነው?"

መልሱን አውቀዋለሁ። ሸክም የያዘ ሰው ጡንቻው ውስጥ ውስጡን ያለ ዕረፍት እየተኮማተረ ጉልበት ይጨርሳል። ግን ሳቁ ጣፈጠኝና፣ "እሱን ሐኪም ይጠይቁ" አልኳቸው። እንደገና ተሳቀ። ጋሼ ቢተው ጋቢያቸውን ሰብስበው ወጡ።

ከኋላ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ ተነሡ። "መምህር፣ በቅኔ ቤት ቃል ሁለት ትርጉም ሲኖረው ሁለቱንም እንፈታለን። አንተ አንዱን ደብቀህ በሰው አሳቅህ" አሉኝ።

ፊቴ እስከ ጆሮዬ ጋለ። ከዚያ በኋላ ምን እንዳስተማርኩ እንጃ።

መልስ፣ ዘጠኝ ሰዓት

ጋሼ ቢተውን መናኸሪያ አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ የጡንቻውንም ነገር አስረዳኋቸው። ከዚያ ሳጥኑን በትከሻቸው ይዘው መሰላሉን ወጡና ጣሪያው ላይ አኖሩት።

"ይኼስ መምህር፣ ሥራ ነው?" አሉ ከላይ ሆነው።

"ነው፣ ጋሼ።"

"ታዲያ የጡንቻውን ነገር በሰው ፊት ብትናገርልኝ ምን ነበረበት?"

አንገቴን ደፍቼ ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ።

ቢቸና ስደርስ ባጃጅ አልጠራሁም። ሳጥኑን ታቅፌ በሜዳው መንገድ ወደ ቤቴ ሄድኩ፤ አራት ጊዜ አወረድኩት። ከትምህርቴ ቀመሩን ባወጣም ንቀቴን እንዳላወጣሁ የገባኝ እዚያ መንገድ ላይ ነው።

ሚስቴ የሚንቀጠቀጠውን ክንዴን አየችና፣ "ምን ስትሠራ ነው እንዲህ የሆንከው?" አለችኝ።

ለጋሼ ቢተው በሰው ፊት የነፈግኩትን መልስ ለእሷ በጓዳ ለመስጠት አፈርኩ።