ጯሂዋ ቲቸር

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት አምቦ ነው። ተወልጄ ያደግኩት ደሴ ሲሆን ወደዚያ የሄድኩት በሥራ ተመድቤ፣ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ኬሚስትሪ ላስተምር ነበር። ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነው። ያን ጊዜ ከነቀምት ማዶ ይሠራ ነበር፤ በዚያ በኩል ደግሞ ስልክ ከተዘጋ ሰንብቷል። አልፎ አልፎ ከዚያ የሚመጣ ሹፌር አምቦ ሲደርስ ይደውልልኝና «ደህና ነው፣ አይዞሽ በላት ብሎኛል» ይለኛል። ሆዴ የገፋው የባሌን ድምፅ ሳልሰማ፣ በማላውቃቸው ሹፌሮች አንደበት አይዞሽ እየተባልኩ ነው። እናቴ ለመውለጃዬ ልትመጣ የገንፎ እህሏን አስፈጭታ፣ ቅቤዋን አንጥራ ነበር። ምጡ ግን እሷን አልጠበቀም።

አንድ ጠዋት የውሃ ባልዲ ላነሳ ጎንበስ ስል የእንሽርት ውሃዬ ፈሰሰ። የቤት አከራዬ ባላቸው የሞተባቸው ጴንጤ እናት ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ «አዴ» ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ጠራኋቸው። ነጠላቸውን አንጠልጥለው ወጡ፣ የበራፌን እርጥብ ስሚንቶ አዩ፣ ምንም ሳይጠይቁኝ ባጃጅ ሊያቆሙ ወደ መንገድ ሄዱ።

ባጃጁ ኮብልስቶኑ ላይ ሲንገጫገጭ ምጡ እየመጣ ይሄዳል። የወንበሩን ብረት ጨብጬ «ማርያም፣ ማርያም» እላለሁ። አዴ በራሳቸው መንገድ ይጸልያሉ፤ «ጌታ ሆይ» ይላሉ፣ ከዚያ በኦሮምኛ ይቀጥላሉ። ሾፌሩ በመስታወቱ አየንና ሬዲዮኑን ቀነሰ።

ሐኪም ቤቱ በር ላይ ዘበኛው አዴን አስቆማቸው። አስታማሚ ማዋለጃ ክፍል አይገባም አለ። አዴ ተከራከሩ፣ እናቷም ባሏም ሩቅ ናቸው አሉ። ዘበኛው ደንብ ነው አለ። አዴ እጄን ለቀው «እዚሁ ነኝ፤ ከዚህ ንቅንቅ አልልም» አሉኝ። ዞሬ ሳይ ግንቡ ሥር ነጠላቸውን አንጥፈው እየተቀመጡ ነበር።

ክፍሉ ውስጥ በመጋረጃ የተከፋፈሉ አልጋዎች አሉ። አዋላጇ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ከጋዋኗ ሥር ሹራብ የደረበች፣ ዓይኗ የደከመ ሴት ናት። ከኋላዋ ለልምምድ የመጡ ተማሪዎች ተከትለዋታል። መረመረችኝና «ገና ብዙ ይቀርሻል» ብላ ሄደች። ከዚያ በኋላ ከጣሪያው ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ስለ ምጥ የነገሩኝ ሰዎች ሁሉ ስለ ሕመሙ ነግረውኛል። ስለ ድምፁ የነገረኝ ግን አልነበረም። ከሆዴ ተነሥቶ የሚወጣው ድምፅ እኔ የማውጣው አይመስለኝም ነበር። ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የምሰማው። ክፍል ውስጥ ሳስተምር ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ አልተሰማኝም የሚለኝ ሰው፣ እዚያ አልጋ ላይ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጥ ድምፅ እንዳለኝ አወቅኩ። «ማርያም፣ ማርያም» እያልኩ ጮህኩ።

አዋላጇ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። «ማርያም ጆሮዋ አይከብድም» አለችኝ። «ቀስ ብለሽ ብትጠሪያትም ትሰማለች።»

ተማሪዎቹ ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ሰው ሥራ ላይ የሚስቀው ዓይነት ነው። ግን ጋደም ብለሽ፣ ልብስሽ ተገልቦ፣ ቆመው ሲስቁ መስማት ሌላ ነገር ነው።

«ሥራሽ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«አስተማሪ።»

«ታዲያ ቲቸር፣ እዚያ ጋ የተኛችው ሴት ከጎጆ ከተማ ማዶ ካለ ገጠር ነው የመጣችው። ያን ሁሉ ኮረኮንች በአምቡላንስ ስትንገላታ መጥታ አንድ ቃል አልወጣትም። ገበሬ ናት። አንቺ የተማርሽ ሆነሽ እንዲህ ትሆኛለሽ? ጉልበትሽን ለመግፊያው አትጨርሺው።»

«የተማርሽ» የሚለው ቃል አፌን ዘጋው። ነጠላዬን ጠቅልዬ ነከስኩ። ምጡ ሲመጣ ለተማሪዎቼ የማስተምረውን የንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ በልቤ ልወጣው ሞከርኩ። ሃይድሮጅን፣ ሂሊየም፣ ሊቲየም እያልኩ ጥቂት እሄድና ድምፁ ነጠላውን አልፎ ይወጣል። አንድ ጊዜ ከኮሪደሩ አንዲት ሴት «ይቺ ዛሬ ትፈጀናለች» ስትል ሰማሁ። ይቅርታ ልጠይቃት ፈለግኩ። ማንን እንደምጠይቅ ግን አላወቅኩም።

ያን ጊዜ አክስቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ፣ ደሴ፣ እናቴ ቤት ነው የወለደችው። እኛ ልጆቹ ደጅ ተቀምጠን ነበር። ውስጥ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ተሰብስበው «ማርያም፣ ማርያም» ይላሉ፤ አንዷ ትጀምራለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ይላል። የአክስቴን ድምፅ ለይቼ አልሰማሁትም። ለዓመታት በቤታችን «ድምፅዋ ሳይሰማ የወለደች» እየተባለች ስትወደስ እኔም አምኜ ነበር። ያን ቀን አልጋው ላይ ሆኜ ነው የገባኝ። አክስቴ ዝም አላለችም ይሆናል። የሴቶቹ ድምፅ ሸፍኗት ይሆናል። የእኔን የሚሸፍን አንድም ሰው አልነበረም።

መጋረጃው በአንድ በኩል ስላልደረሰ የጎጆዋን ሴት በከፊል አያት ነበር። የአልጋውን ብረት የጨበጠ እጅ፣ በሻሽ የታሰረ ግንባር። ወጣት ናት፤ ከተማሪዎቼ ብዙም አትበልጥም። አንድ ጊዜ ዓይናችን ሲገጣጠም ባለችኝ ትንሽ ኦሮምኛ «ጀባዱ» አልኳት፣ በርቺ ለማለት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እሷም አፈረችብኝ ብዬ አሰብኩ። ከሁሉ ይልቅ ያ ከበደኝ።

ከቀትር በኋላ ሌላ ክፍል ያለች ሴት ደም ፈስሷት አዋላጇና ተማሪዎቹ ወደዚያ ሮጡ። ክፍሉ ጭር አለ። ምጡ ለቆኝ ዓይኔን ጨፍኜ ሳለ ከጎኔ የታፈነ ድምፅ ሰማሁ። ጩኸት አይደለም፤ ከባድ ዕቃ የሚገፋ ሰው ትንፋሽ ነው። ተንጠራርቼ መጋረጃውን ሳብኩት። የጎጆዋ ሴት በክርኗ ተደግፋ ቀና ብላለች፣ ነጠላዋን እንደነከሰች ናት፣ የልጁ ጭንቅላት እየወጣ ነው።

«ኑ፣ ልትወልድ ነው» ብዬ ተጣራሁ።

ከኮሪደሩ አንድ ሰው «ያቺው ናት» አለ። ማንም አልመጣም።

በኦሮምኛም ሞከርኩ። «ኮታ፣ ደላ ጅርቲ» አልኩ፤ ኑ፣ እየወለደች ነው። ከአልጋዬ ወረድኩ። ግድግዳውን ተደግፌ አጠገቧ ስደርስ እጄን ያዘችኝ፣ አጥንቴ እስኪሰማኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አላውቅም ነበር። ሌላ እጄን ከሥር ዘረጋሁ፣ ልጁ እንዳይወድቅ። በዚያው ቅጽበት የራሴ ምጥ መጣና ቆሜ እንዳለሁ ጮህኩ። ከጠዋቱ ጀምሮ ካወጣሁት ሁሉ የበለጠው እሱ ነበር።

አዋላጇ በንዴት ገባች። «ማን ከአልጋ ውረጂ አለሽ?» ብላ ጀመረች፣ ከዚያ አየች። ጓንት ያጠለቀችው በአንድ እጇ ብቻ ሳለ ልጁን ተቀበለችው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል። በጣቶቿ ፈታችው፣ ገለበጠችው፣ ጀርባውን አሸችው። ልጁ ሰማያዊ ነበር። ተማሪዎቹ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። በመጨረሻ ልጁ እንደ ማስነጠስ አለና አለቀሰ።

አዋላጇ ልጁን ጠቅልላ እናቱ ደረት ላይ ካስቀመጠች በኋላ፣ በኦሮምኛ «ለምን አልተጣራሽም?» አለቻት። ድምፅዋ የቁጣ አልነበረም፤ የፈራ ሰው ድምፅ ነበር።

ሴትዮዋ በጣም ቀስ ብላ መለሰች። ኦሮምኛዬ ብዙ ቦታ ላይ ይጎድላል፤ ለዚያች ዓረፍተ ነገር ግን በቃኝ።

«እሷን ስትቆጪያት ሰማሁ» ነበር ያለችው።

አዋላጇ ጓንቷን አውልቃ ጣለች፣ እኔን ደግፋ ወደ አልጋዬ መለሰችኝ፣ ትራሴን አስተካከለችልኝ። ከዚያ በኋላ ዝም በይ ያለኝ የለም። እኔም ጮህኩ፤ እነሱም ሥራቸውን ሠሩ። ልጄ ፀሐይ ሳትጠልቅ ተወለደች። አዋላጇ «ሴት ናት» አለችኝ፣ ሌላ አልጨመረችም። ያቺን አንድ ቃል፣ አይዞሽም ትሁን ይቅርታ፣ ፊቷ ላይ ስጠብቃት ቆየሁ። ተማሪዎቹም አጎንብሰው መሣሪያ ይለቅሙ ነበር። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለችኝ ወለሉን ልትወለውል የገባችው የፅዳት ሠራተኛ ናት። ሲነጋ የጎጆዋ ሴት ከእኔ በፊት ወጣች። ባሏ ልጁን አቅፎ፣ እናቷ እሷን ደግፋ በመስኮቴ አለፉ። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

አዴ ያሉት ቦታ ነበሩ። ልጄን ተቀብለው አለቀሱ። ቤት ስንደርስ ግን ጎረቤቶች ሲሰበሰቡ «እስከ በሩ ድረስ እኮ ነው የተሰማችው» ብለው አሳቋቸው። ክፋት የላቸውም፤ የአራስ ቤት ወግ ነው። ገንፎው እየተቆረሰ ሁሉም የየራሱን ያወራ ነበር። አንዷ ሦስት ልጅ ስወልድ ጎረቤት አልሰማኝም አለች። ሌላዋ ማሽላ እየፈተግሁ ነው የወለድኩት አለች። እኔም ሳቅኩ። የሥራ ባልደረቦቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ወሬው ቀድሟቸዋል። ከተለማማጆቹ አንዷ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ አውርታው ኖሮ፣ «ጯሂዋ ቲቸር» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። ከእረፍት ስመለስ አንድ የዲፓርትመንት ባልደረባዬ በዚያው ስም ሰላም አለኝ። ስለ ጎጆዋ ሴት ግን ማንም ያወራ የለም።

ባለቤቴ የመጣው ልጃችን ሳቅ ስትጀምር ነው። አዴ የበሩን ወግ ነገሩት፣ እሱም ሳቀ። ሲሄዱልን ስለዚያች ሴት፣ ስለ ሰማያዊው ልጅ፣ ስለ መልሷ ነገርኩት። ልጃችንን ደረቱ ላይ እንደያዘ በትዕግሥት አዳመጠኝ። ስጨርስ «ዋናው በሰላም መገላገልሽ ነው» አለ። ትክክል ነው። ሁሉም የሚለኝ እሱን ነበር፤ ከዚያ ቃል በኋላ የምቀጥልበት ቦታ አጣሁ። ወሬውን ወደ መንገዱ ሥራ አዞርኩት።

ሁለተኛውን ልጄን የወለድኩት ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ አሁንም አምቦ ነው። በዚህ ጊዜ ባለቤቴ ነበር፣ እናቴም መጥታ ነበር፣ ሁለቱም በር ላይ። አዋላጇ ሌላ ናት፤ ደግ፣ ለስላሳ ሴት። ጩኺ ብላኝ ቢሆን እንኳ የምጮህ አይመስለኝም። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ድምፅ አላወጣሁም። ጥርሴን ነክሼ ጣሪያውን እያየሁ ወለድኩ። «እንዲህ ነው ጀግና» አለችኝና ጉንጬን ሳመችኝ። ወጥታም ለቤተሰቤ ነገረቻቸው። ባለቤቴ ለሚደውልለት ሁሉ፣ ልጁ ወንድ መሆኑን ከመናገሩ በፊት፣ ድምፅዋ እንኳ አልተሰማም ይል ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን መንጋጋዬን ያመኝ ነበር። አፌን በደንብ መክፈት አልችልም። ጠያቂዎች ስለ ጡቴ ወተት፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ልጁ እንቅልፍ ይጠይቁኛል፤ ሁሉም ደህና ነው እላለሁ። እናቴ ገንፎውን ስታቀርብልኝ ትንሽ ትንሽ እየቆረስኩ፣ ሳላላምጥ እውጠው ነበር።