ክንዴ ላይ የተሰካው መድኃኒት

አዲስ አበባን በምለቅበት ዋዜማ፣ እናቴ የታሰረ ሻንጣዬን እየፈታች እንደገና ማሰር ያዘች። «የአባትሽ አገር ነጻ ወጣ ተብሎ አንቺ ምን ቤት ነሽ? እዚያ ማን ያውቅሻል?» አለችኝ። እኔ ግን አስመራ ሥራ አግኝቼ ነበርና ሄድኩ።

እውነትም ማንም አያውቀኝም ነበር። ጎዳይፍ በሚባል ሰፈር ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ፣ አደይ ለተብርሃን፣ የተሰባበረ ትግርኛዬን ሰምተው፣ «ሰላይ ብትሆኚማ ከዚህ የተሻለ ባስተማሩሽ ነበር» ብለው አስገቡኝ።

እዚህ እንደኛ አገር ክረምት ጭቃ የለም፤ ፀሐዩ ግን ቆዳ ይልጣል፤ ሻሂውም ቅመም ይበዛዋል። ሁሉን ለመድኩ ስል ሆዴ ከዳኝ። ተቅማጡ ደም ሆነ። ሽንት ቤት በተመላለስኩ ቁጥር አደይ ለተብርሃን በረኪና ይዘው ይከተሉኛል።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ ከአዲስ አበባ ያመጣሽው ነው?»

«አይደለም፣ እዚሁ ነው የያዘኝ።»

«ኣይፋል፣ በጭራሽ! የአስመራ ውሃ እንዲህ አያደርግም።»

ሆስፒታል የገባሁት መቆም አቅቶኝ ነው። ጣሊያን ሠርቶ የተመለሰ ሐኪም ትልቁ አንጀቴ እንደቆሰለ፣ የሚያቆስለውም የገዛ ሰውነቴ መከላከያ እንደሆነ ነገረኝ። መጀመሪያ በደም ሥር የሰጡኝ መድኃኒት አልረዳኝም።

«የቀረን ወይ አንጀቱን ቆርጦ ማውጣት፣ ወይ ሳይክሎስፖሪን የሚባል መድኃኒት ነው» አለኝ። «ኩላሊት ለተቀየረላቸው የሚሰጥ ነው። መከላከያውን ያደክመዋል።»

«ሌላ በሽታ ቢመጣብኝስ?»

«ሊመጣ ይችላል። ለዚህ ነው አጠገብሽ የምንሆነው።»

«እዚህ ለማን ሰጥተው ያውቃሉ?»

«አንቺ የመጀመሪያዋ ነሽ።»

«የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ነው የሚሞከርብኝ?»

«እኔም የተማርኩት በአማርኛ ነው» አለ ቆጣ ብሎ። «እንዳንቺ የባሰበት ስለሌለ ነው።»

እሺ ያልኩት አምኜው አይደለም፤ ቢላዋውን ፈርቼ ነው። መድኃኒቱ ጠብ ጠብ እያለ ሲገባ ጣቶቼን ጉንዳን የወረራቸው መሰለኝ። መርዘውኛል ብዬ መርፌውን ልነቅል ስል ነርሷ እጄን ያዘች። «ኣጆኺ፣ አይዞሽ፣ መድኃኒቱ እንዲህ ያደርጋል» አለችና የደም ግፊቴን ለክታ ሐኪሙን ጠራችው። እሱም ፍጥነቱን ቀነሰው። እኔ ግን ዓይኔን ከጠርሙሱ አልነቀልኩም።

ውሎ አድሮ ደሙ ቀነሰ፤ ከዚያም ቆመ። የሐኪሙ ፊት ግን አልተፈታም። «ክኒኑን እየዋጥሽ እናያለን። ሊመለስ ይችላል» አለኝ።

አደይ ለተብርሃን የሩዝ ሾርባ ይዘው መጡ። ክፍሉን ለሌላ ሰው ለመስጠት መሞት አለመሞቴን ሊያጣሩ ነው ብዬ ጠረጠርኩ።

«አላከራየሁትም» አሉ ሳልጠይቃቸው። «በረኪና በረኪና የሚሸት ክፍል ማን ይፈልጋል?»

ከሆስፒታል የወጣሁ ቀን ደግፈው ስልክ ቤት ወሰዱኝ። እናቴ ድምፄን እንደሰማች፣ «ድምፅሽ የበሽተኛ ነው፤ ከስተሻል፤ ማን ነው የሚያስታምምሽ?» አለች። እጀታውን ለአደይ ሰጠኋቸው። እሳቸውም በተሰባበረ አማርኛ፣ «ደሓን ናት፣ አታስቢ» ብለው እጀታውን መለሱልኝ።

«ሴትዮዋ አላማሩኝም» አለች እናቴ። «ተመለሽ ልጄ። ቤትሽ ግቢ።»

እጀታውን ከጆሮዬ አራቅኩና ወደ አደይ ለተብርሃን ተጠጋሁ። እሳቸውም ክንዴን አጥብቀው ያዙኝ።

«ሃሎ? አለሽ?» ትላለች እናቴ።